መሣሪያ ይዣለሁ

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጓደኛዬ በገናውን አደራ ሰጠኝ። አንዱ አውታር ተበጥሶ ነበር። እሱ ለቅሶ ደርሶበት ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ስለሆነ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወስጄ ለሚያድስለት ሰው እንዳደርስ ነው የለመነኝ። ቀላል ነው ብዬ ተቀበልኩ።

በገና ተሸክሞ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ቀላል አይደለም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። በነጠላ ሲጠቀለል ደግሞ ምን እንደሆነ አይለይም። ታክሲ ልይዝ ስል ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። ተናድጄ በእግሬ ወረድኩ። አራት ኪሎና ፒያሳ እንደሆነ ሩቅ አይደለም።

አዳሹ የሚሠራው አንድ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። እጄን ዘርግቼ ልፈተሽ ስል ጥበቃው ወደ ጥቅሉ እያየ «ምንድን ነው የያዝከው?» አለኝ።

«መሣሪያ ነው» አልኩት።

ይህን ቃል ከአፌ እንዳወጣሁ ነገሩ ገባኝ። እሱ ግን ቀድሞኛል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ዱላውን ጠበቅ አደረገው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴትዮም ገለል አሉ።

«የምን መሣሪያ?»

«የሙዚቃ!»

«ታዲያ እንደሱ አትልም እንዴ!» ብሎ ነጠላውን ራሱ ፈታው። ፊቱ ወዲያው ተቀየረ። «ኧረ በገና ነው! መጀመሪያውኑ በገና ብትለኝ ምን ነበረበት?» አንዷን አውታር በአውራ ጣቱ ነካ አደረጋት። አሳለፈኝ።

ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ ስነግረው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ድምፁ ኮስተር አለ። «የሙዚቃ መሣሪያ ነው አልከው?» አለኝ። «አዎ» ስለው፣ «በገና የዜማ መሣሪያ ነው እንጂ የሙዚቃ አይባልም» አለኝ። ጓደኛዬ ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ስለሆነ በዚህ አይደራደርም። ስለዚህ በአንድ ቀን በአንድ ቃል ሁለቴ ተገሠጽኩ። አንዴ ዱላ በያዘ ሰው፣ አንዴ በለቅሶ ላይ ባለ ሰው።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በዚያው ሳምንት አንድ ሥራ መጣልኝ። እንጀራዬ ትርጉም ነው። ሰነዱ አንድ ፋብሪካ ለአዳዲስ ሠራተኞቹ ያዘጋጀው የሥልጠና ጽሑፍ ነው፤ 50 ምናምን ገጽ። ከጀርባው ለግድግዳ የሚለጠፉ አጫጭር ማሳሰቢያዎችም አሉበት። ርዕሱ ላይ «ኢንስትሩመንቴሽን» የሚል ቃል ተቀምጧል። ውስጡ ደግሞ በየገጹ ሦስት አራቴ።

ኢንስትሩመንት መሣሪያ ነው። እሺ። ኢንስትሩመንቴሽንስ? «የመሣሪያ ሥራ» ብል ጠመንጃ የሚያበጅ ሰው ይመስላል። «መሣሪያ አጠቃቀም» ብል የውትድርና ሥልጠና ይሆናል። «ትጥቅ» ብልማ አለቀልኝ። በሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ለካ እሱ አልተሳሳተም። መሣሪያ የሚለው ቃል ከፊቱ ሌላ ቃል ካልቆመለት፣ የዚህ ከተማ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው የጦሩን ነው።

ቃሉን ስናየው ግን ምንም ጦርነት የለበትም። አማርኛ ግስ ካገኘ ዕቃ አያጣም። ከፊት «መ» ከኋላ «ያ» ያደርግበትና ዕቃውን ይወልዳል። ጠረገ ካለ መጥረጊያ አለ። ከፈተ ካለ መክፈቻ። ቃኘ ካለ መቃኛ። ተቆጣጠረ ካለ መቆጣጠሪያ። ዕቃው ገና ሳይፈጠር እንኳ ስሙ ቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መሣሪያም ከሠራ የመጣ ነው፤ የሚሠሩበት ማለት ነው፣ በቃ። አናባቢዋን ትንሽ ብንለውጣት መሥሪያ ትሆናለች፤ መሥሪያ ቤት የምንለው ከዚያ ነው። (መሥሪያ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መሥሪያ ያለ መሣሪያ ማለት ይኼ ነው።)

የፈረንጁን ቃል ሥር ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከላቲን «ኢንስትሩዌሬ» ከሚል ግስ ነው የመጣው። ትርጉሙ መደርደር፣ ማሰናዳት፣ መገንባት ነው። የእኛ ሠራ ደግሞ ዘሩ ከግእዙ «ሠርዐ» ነው፤ እሱም ማሰናዳት፣ መደብ መደብ ማስያዝ ነው። ሥርዓት የምንለው ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይገናኙ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። መሣሪያ ማለት ነገር በሥርዓት የሚሰናዳበት ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ምክንያቱም በገና የሚመታ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል? በገና ደርዳሪ።

ይህች ነገር አስገርማኛለች። ፈረንጅ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ግስ ነው ያለው፤ ይጫወታል። እኛም አሁን አሁን ለምደነዋል። ቀድሞ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ግስ ነበረው። በገና ይደረደራል። ክራር ይገረፋል። ዋሽንት ይነፋል። ከበሮ ይመታል። ማሲንቆ በአንዲት ጭራው ይገዘገዛል። ግሱ እጅህን የት እንደምታደርግ ይነግርሃል። ግማሹ ትምህርት ግሱ ውስጥ ነው።

ትርጉሙ አልሄድ ሲለኝ አንድ ኢንጂነር ወዳጄ ጋ ሄድኩ። አምስት ኪሎ አካባቢ ልጆች ያስተምራል። በመንገድ ላይ የሆነውን ግን ቀድሜ ላውራ፤ ከኢንጂነሩ ንግግር ያልተናነሰ ያስተማረኝ እሱ ነውና።

የያዝኳት ሚኒባስ አሮጌ ነበረች። ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጁ ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። ሽቅብ ልንወጣ ነው። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ያለቀ ይመስለኛል» አልኳቸው።

«የቱ? ይኼ?» ብለው ቀስቱን በጣታቸው ኳ አደረጉት። «ይኼ ጌጅ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ በምን ያውቃሉ?»

«በቢያጆ። ስንት ቢያጆ እንደሠራሁ አልረሳም። ዳገት የበዛበት ቀን አንድ እቀንሳለሁ።»

በዚያ ሰዓት ጎበዝ ብዬ ነው ያለፍኩት። ጎበዝም ናቸው። አምስት ኪሎ ደርሼ ጀበና ቡና ይዘን ስንቀመጥ ይህንኑ ለኢንጂነሩ አጫወትኩት። ዓይኑ በራ።

«እየው» አለኝ፣ «የኔ ትምህርት በሙሉ ያቺ ቀስት ላይ ነው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ሲሆን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ነዳጅ የለም፤ ወይ ነዳጅ አለ፣ ጌጁ ሞቷል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሚኒባስ ላይ ሲሆን ቢበዛ ተገፍቶ ዳር ይወጣል። ውኃ በሚያፈላ የፋብሪካ ጋን፣ በቦይለር ላይ ሲሆን ግን ሰው ይሞታል። የውኃው መጠን ዜሮ ነው ወይስ ሽቦው ተበጥሷል? ይህን መለየት ግዴታ ነው።

ስለዚህ መላ ፈጠሩ። ሴንሰሩ፣ ማለት የሚለካው ዕቃ፣ የለካውን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚልከው በኤሌክትሪክ ከረንት ነው። ከረንቱ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ነው። ባዶ ማለት 4 ነው። ሙሉ ማለት 20። ግማሽ 12። ለምን ከዜሮ አልጀመሩም? ዜሮ ለሞት ስለተተወች ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ከረንቱ ዜሮ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታንኩ ባዶ ነው ሳይሆን ወሬ ነጋሪው ሞቷል ማለት ነው። ከኤሌክትሪኩ በፊት በአየር ግፊት ሲሠሩም ያው ነበር፤ ፒኤስአይ በሚሉት የግፊት መለኪያ ከ3 እስከ 15። እዚያም ከዜሮ አልተጀመረም። ይህን በእንግሊዝኛ «ሕያው ዜሮ» ይሉታል። ባዶ መሆኑን በሕይወት ሆኖ የሚናገር ዜሮ።

«እና ኢንስትሩመንቴሽን ማለት ምንድን ነው?» አልኩት ቡናዬን እየጨረስኩ።

«አንተ ዕቃው መስሎሃል» አለኝ። «ዕቃውን ከገበያ ትገዛዋለህ። ሥራው ምን እንደምትለካ፣ የት ቦታ ላይ እንደምትለካ፣ የለካኸውን ለማን እንደምትነግር መወሰን ነው።»

ከዚያ ስለ ተማሪዎቹ አወራኝ። በየዓመቱ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ልጆቹ ፒቲ መቶ የሚባል የሙቀት ሴንሰር ይሰጣቸዋል። ውስጡ ያለው ፕላቲነም ነው። ሲሞቅ ከረንት የመከልከል አቅሙ ይጨምራል፤ ያ አቅም በኦም ይለካል። በዜሮ ዲግሪ ላይ 100 ኦም ነው፤ በ100 ዲግሪ ላይ 138 ኦም ተኩል ይሆናል። ልጆቹ ለመፈተሽ የፈላ ውኃ ውስጥ ይከቱታል። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ስለተማሩ 138 ተኩል ይጠብቃሉ። የሚያዩት ግን 135 ተኩል አካባቢ ነው። «ቲቸር፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ይላሉ።

ሴንሰሩ ደህና ነው። የተሳሳተው መጽሐፉን ያለ ከተማው ማንበባቸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ስለዚህ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮው ከታች አገር ይልቅ እዚህ እሳት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። «አንዳንዱ ልጅ ግን» አለኝ ኢንጂነሩ፣ «እንዲስማማለት ብሎ 138 ተኩል ጽፎ ያስረክበኛል። እሱን ነው የምጥለው።»

ሳቅኩ። ግን በውስጤ ስንቴ 138 ተኩል ጽፌ እንዳስረከብኩ አሰብኩ። ትርጉም ላይ ይህ ኃጢአት ቀላል ነው። ማንም አይለካውም።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴን አየኋት። ረቡዕ ነበር፣ የመጋገሪያ ቀን። ይህን የምጽፈው ቃሉን ለማስዋብ አይደለም፤ እውነት እንደዚያ ነው የሆነው። ምጣዱን በማሰሻ አሰሰችው። ጎመን ዘሩ ሲጤስ አሸተተች። ትንሽ ሊጥ ጠብ አድርጋ አየች። እሳቱን አንድ እንጨት ሳብ አደረገችለት። ሊጡን አዞረች። ዓይን ሲያወጣ ጠበቀች፤ አክንባሎውን ደፋች። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ኢንጂነሩ ሰሌዳ ላይ የሚስለው ያው ነው። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያስተላልፋል፣ አንዱ ይወስናል፣ አንዱ ቫልቭ ይዘጋል ወይ ይከፍታል። ከዚያ መልሶ ይለካል። ክቡ አያቋርጥም። እናቴ ክቡን በአፍንጫዋና በሁለት እጇ ዘግታዋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተንላት ነበር። «አይሰማኝም» ብላ ዳር አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ኤሌክትሪክ ካልኩ አይቀር፣ በየቤታችን ያለውን ኢንስትሩመንቴሽን እንዳልረሳ። ቆጣሪ። ስሙ ላይ «መ» የለችበትም። መቁጠሪያ አላልነውም። መቁጠሪያ የጸሎት ነው። ይኼኛው ቆጣሪ ነው፣ እንደ ሰው። ሰው ስለሆነም «ቆጣሪው ይሮጣል» እንላለን። ተከራይ ሆኜ በኖርኩበት አንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነበርን። በየወሩ መጨረሻ የሚነሣው ጠብ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ማን ምን ያህል እንደበላ የሚናገር ነገር ስላልነበረ ነው። ምጣድ ያላት ሴትዮ በጥርጣሬ ኖራ በጥርጣሬ ወጣች። በኋላ አከራዩ ለየቤቱ ትንንሽ ቆጣሪ አስገቡልን። ለካ ብዙ የሚበላው የኔው የውኃ ማሞቂያ ኖሯል። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ቃሉ እዚያ ሌላ ሕይወት አለው፤ እኔም ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በሙዚቃ ኢንስትሩመንቴሽን ማለት ይህ ዜማ በምን ይሰማ የሚለው ጥያቄ ነው። በዋሽንት ይሁን ወይስ በሳክስፎን? አንዱ መሣሪያ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ምን ያህል ከፍ ይላል? የት ላይ ሲሆን ይጣፍጣል፣ የት ላይ ሲሆን ይጮሃል? ፈረንሳዊው ኤክቶር ቤርሊዮዝ በ1844 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ ይህን ሁሉ «ቅንብር» ውስጥ እንከተዋለን። የድሮ ካሴት ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ይላል። መሣሪያውን የመረጠው ሰው ያው አቀናባሪው ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያስቀኛል። ዘፋኝ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ምን እንለዋለን? «ክላሲካል።» ትዝታን በዋሽንት ሲነፉት ክላሲካል ነው። ባቲን በኪቦርድ ሲመቱት ክላሲካል ነው። የሙዚቃ ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ቃል ፊቱ ተናገሩና ፊቱን እዩት። ለነሱ ክላሲካል የሞዛርት ዘመን ነው። ለታክሲ ሹፌር ግን ሰው ሲያዝን ወይም ዝናብ ሲዘንብ የሚከፈት ነው። እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። ቃል የተጠቃሚው ነው።

ይህች ከተማ መሣሪያ ስትመርጥ ረጅም ጊዜዋ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ነሐስ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። መለከትና እምቢልታ ለምዶ የኖረ ቤተ መንግሥት ጆሮውን ለትሮምቦን ይበልጥ ከፈተ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምረው ሲመለሱ ቫይብራፎን የሚባል፣ ብረቶቹ በበትር የሚመቱ መሣሪያ ይዘው መጡ። ቅኝቱ የኛው ነበር፤ የሚሰማበት ብረት ግን አዲስ ነበር። እኚሁ ሰው በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ተጋብዘው ሲቆዩ ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። ባህላዊ መሣሪያዎቻችንን ማሻሻል ላይ ሠሩ። አንዴ አዲሱን መሣሪያ ለድሮው ዜማ፣ አንዴ ድሮውን መሣሪያ ለአዲስ ድምፅ። የኢንጂነሩ ሦስት ጥያቄዎች እዚህም ያው ናቸው።

በገናው ታድሶ ሲመለስ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። አውታሮቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። አሥር ናቸው። አሥርቱ ትእዛዛት ናቸው ይላል። አውታሩ በርኩማ በሚባለው ድጋፍ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዝራ ትባላለች። በገና ያ የሚያርገበግብ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፁ የሚመጣው ከእሷ ነው። እንዝራዋ ትንሽ ካለቦታዋ ከሄደች በገናው ዝም ይላል ወይም እንደ ጣሳ ይንኳኳል። ግማሽ ቀን እንዝራ ሲያስተካክል የሚውልበት ጊዜ እንዳለ ነገረኝ።

ከዚያ መደርደር ጀመረ። እኔ ጣቶቹን እያየሁ ነበር። ከአሥሩ አውታር ጣቱ የማይመታቸው አሉ። አንድ ጣት አንዱን አውታር መትቶ አጠገቡ ባለው ላይ ያርፋል። እሱ አይመታም።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?» አልኩት።

«ማረፊያ ናቸው።»

«ድምፅ የላቸውም?»

«አላቸው፤ አይደረደሩም እንጂ። ሁሉንም የሚደረድር ሰው አለ። እኔ በተማርኩበት ግን አንዳንዶቹ ለጣት ዕረፍት ናቸው።» ከዚያ ጨመረልኝ፤ «አንዷ ብትበጠስ ግን ወዲያው ታውቃታለህ። ጣትህ መሬት ያጣል።» ለካ ፒያሳ የላከኝ በማትደረደር አውታር ምክንያት ኖሯል።

አራት ሚሊ አምፒር፣ አልኩ በሆዴ። ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። በገና ፊት ስለ ቦይለር ማውራት ነውር መሰለኝ።

ቃሉ ሌላም ቤት ይገባል፣ በችኮላ ልለፈው። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ ነው። የአከርካሪ ሐኪሞች ደግሞ አጥንት ለማጽናት ውስጥ የሚቀሩትን ብሎንና ዘንግ ራሱ ኢንስትሩመንቴሽን ይሉታል። ሕግ ውስጥ ኢንስትሩመንት ሰነድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 13 ላይ እንግሊዝኛው ኢንስትሩመንት የሚለውን አማርኛው «ዓለም አቀፍ ሰነዶች» ብሎታል። ያን የተረጎሙት ሰዎች ነፍሳቸውን ይማር፣ በሕይወት ካሉም ዕድሜ ይስጣቸው። «ዓለም አቀፍ መሣሪያዎች» ብለው ቢሆን አስቡት። ፕሮግራመሮች ደግሞ ኮዳቸው ውስጥ ወሬ ነጋሪ መስመር ይተክላሉ፤ የትኛው ክፍል ዘገየ፣ የትኛው ወደቀ ብሎ እንዲነግራቸው። ብዙ ከተከሉበት ወሬው ራሱ ሲስተሙን ያዘገየዋል። ሁለት ሠራተኛ ላይ አሥር ተቆጣጣሪ እንደማለት ነው።

የጥናት ሰዎች ዘንድ ግን ትንሽ ልቁም። ስድስት ኪሎ በአማርኛ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ብትከፍቱ «የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያዎች» የሚል ክፍል ታገኛላችሁ። መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ምልከታ። እነዚህም መሣሪያ ናቸው። ዶናልድ ካምቤልና ጁልያን ስታንሊ የተባሉ አሜሪካውያን በ1963 እ.ኤ.አ. ጥናትን የሚያበላሹ ነገሮችን ሲዘረዝሩ አንዱን ኢንስትሩመንቴሽን ብለው ሰይመውታል። ጥናቱ መሃል ላይ ሳለ መለኪያው ከተቀየረ፣ ለውጥ የመጣው በሰዎቹ ላይ ይሁን በመለኪያው ላይ አይታወቅም ማለት ነው።

ይህ ከከበዳችሁ በአረቄ ላስረዳችሁ። አረቄ የሚቀዳባት ትንሿ ብርጭቆ ስሟ መለኪያ ነው። አንድ መለኪያ፣ ሁለት መለኪያ ነው የሚባለው። እኛ ሰፈር አንዲት አረቄ ቤት ነበረች። ደንበኞቹ አንድ ሰሞን ጀግና ሆኑ። በፊት በሦስት የሚንገዳገደው ሰውዬ በአምስት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «አረቄው ውኃ ገብቶበታል» ያለ አለ። «ለምደነው ነው» ያለ አለ። በኋላ አንዱ የድሮዋን ብርጭቆ ከቤቱ አምጥቶ ከአዲሷ ጎን አስቀመጣት። አዲሷ ታችዋ ወፍራም ነበር።

ትርጉሙን እንዴት ጨረስኩት? አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ሥነ ልክ የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ ግን እሱ ለሜትሮሎጂ የተያዘ ነው። (የአየር ጠባዩ አይደለም፣ የልኩ ነው።) በመጨረሻ «ልኬትና ቁጥጥር» አልኩት። ደስ አለኝ። ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ነገሩንም ይይዛል። ላኩት።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የፋብሪካው ሰው በጣም ትሑት ነው። «ወንድሜ፣ በጣም ቆንጆ ነው የተረጎምከው። ግን ቴክኒሻኖቹ "ልኬትና ቁጥጥር" የሚለውን ሲያዩ ተቆጣጣሪ የተመደበባቸው መሰላቸው። አንዱማ ቅሬታ ሊጽፍ ነበር። ኢንስትሩመንቴሽን ብለህ ብትመልስልን?» መለስኩላቸው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀየረው። የሳምንት ድካሜ በሁለት ሰከንድ ሄደ።

ከወር በኋላ ይኸው ሰውዬ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ የሚስቅ ፊት ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው የፋብሪካው ዋና በር ነው። በቀይ ቀለም «መሣሪያ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ሁለተኛው ከዚያ ገባ ብሎ የታንኮቹ ክፍል በር ነው። እዚያ ያለ ጋዝ መለኪያ የሚገባ ሰው መርዝ ሊተነፍስ ስለሚችል ማሳሰቢያ ተለጥፏል። በዚያውም ቀይ፣ በዚያውም የፊደል መጠን፤ «ያለ መሣሪያ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ሁለተኛውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።